ኤክስቴንድድ ፓርቲሽን ምንድን ነው?

ዲስኩ ግማሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ሊኑክስ ለመጫን ሲሞከር አዲስ ፓርቲሽን (ለብቻው የተከለለ የዲስክ ክፍል) አልፈጥርም ካለ፣ የሞላው ዲስኩ ሳይሆን የፓርቲሽኖቹ መዝገብ ሊሆን ይችላል።

በኤምቢአር፣ ማለትም በቆየው የአከፋፈል ስልት፣ የተከፋፈለ ዲስክ የፓርቲሽኖቹን መዝገብ የሚያስቀምጠው በመጀመሪያው ሴክተር (የዲስኩ ትንሹ የማከማቻ ክፍል) ላይ ነው። ሴክተሩ 512 ባይት ሲሆን 446ቱ ለማስነሻ ኮድ ተይዟል፤ ለመዝገቡ የተተወው 64 ባይት ብቻ ነው። አንድ ፓርቲሽን ለመመዝገብ 16 ባይት ስለሚፈጅ ከአራት በላይ አይገባም፤ የዲስኩ ትልቅነት ለውጥ አያመጣም። በቀጥታ እዚህ የሚመዘገቡት ፕራይመሪ ይባላሉ። ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የሚመጡ የቆዩ ላፕቶፖች ላይ ማስነሻው፣ ሲ ድራይቩ፣ ሪከቨሪው (ዊንዶውስን መልሶ መጫኛው) እና የአምራቹ መገልገያ አራቱንም ይዘው ይገኛሉ።

ኤክስቴንድድ ፓርቲሽን የዚህ ጥበት መውጫ ነው። ከአራቱ ቦታ አንዱን ይወስዳል፤ ሥራው ግን ሌሎች ፓርቲሽኖችን ማቀፍ እንጂ ፋይል መያዝ አይደለም። በውስጡ የሚፈጠሩት ሎጂካል ይባላሉ። እያንዳንዱ ሎጂካል የራሱ ትንሽ መዝገብ አለው፤ እሱም ፓርቲሽኑ የት እንደሚጀምርና ቀጣዩ መዝገብ የት እንዳለ ይናገራል። አንዱ ሌላውን እየጠቆመ ስለሚሄድ የአራት ገደብ አይመለከታቸውም። ጉዳቱም እዚያው ነው፦ መሃል ላይ አንዱ መዝገብ ከተበላሸ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ከእይታ ይጠፋሉ። ሊኑክስ ከ1 እስከ 4 ያሉትን ቁጥሮች ለዋናው መዝገብ ስለሚተው፣ የመጀመሪያው ሎጂካል ሁልጊዜ ቁጥር 5 ነው፤ ለምሳሌ «ኤስዲኤ» በተባለ ዲስክ ላይ «ኤስዲኤ5» ይባላል።

ሊኑክስ ከሎጂካል ላይ ያለ ችግር ይነሳል። ዊንዶውስ ግን የማስነሻ ፋይሎቹን ፕራይመሪ ላይ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ፕራይመሪውን ለእሱ ትቶ የሊኑክስን ሩት (ሲስተሙ ያለበትን) እና ሆም (የተጠቃሚው ፋይሎች ያሉበትን) ወደ ሎጂካል መላክ ነው የሚያዋጣው። ለስዋፕ (ራም ሲሞላ ለሚያግዘው የዲስክ ቦታ) ፓርቲሽን ባይወጣም ስዋፕ ፋይል ይበቃል።

አራቱም ካለቁ ለኤክስቴንድድ ቦታ ለመልቀቅ አንዱ መጥፋቱ ግድ ነው። እኔ ብሆን ፋይሎቼን ገልብጬ፣ ሪከቨሪውን በፍላሽ አስቀርቼ፣ የሪከቨሪውን ፓርቲሽን አጠፋለሁ። ዊንዶውስ አምስተኛ ፓርቲሽን ሲጠየቅ «ዲስኩን ወደ ዳይናሚክ (የዊንዶውስ የራሱ አከፋፈል) ልቀይረው» ይላል፤ እሺ እንዳትሉት፣ ሌላ ሲስተም ለመጫን የባሰ ጣጣ ያመጣል።

ኮምፒውተሩ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ ሥርዓት) ካለውና ዲስኩ በጂፒቲ (ኤምቢአርን የተካው የአከፋፈል ስልት) ከተከፋፈለ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ጂፒቲ በተለምዶ 128 ፓርቲሽን ይመዘግባል። ወደዚያ ለመሻገር ካሰባችሁ ግን ቀድማችሁ ኤክስቴንድድ አትፍጠሩ፦ ኤምቢአርን ወደ ጂፒቲ የሚቀይረው የዊንዶውስ መሣሪያ ኤክስቴንድድ ያለበትን ዲስክ አይቀበልም።