ሶዳ አሹ ያው፣ ደመወዙ ለየቅል፦ የአውሮፓ የኬሚካል ሠራተኞች ክፍያ

ሶዳ አሽ ለመስታወትና ለሳሙና ሥራ የሚያገለግል ነጭ ዱቄት ነው። የቤልጂየሙ የኬሚካል ኩባንያ ሶልቬይ በጀርመን በርንቡርግ፣ በጣሊያን ሮሲኛኖ እና በቡልጋሪያ ዴቭኛ ፋብሪካዎች አሉት። ዱቄቱ የትም ያው ነው፤ ደመወዙ ግን ሰማይና ምድር።

የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ ቢሮ ዩሮስታት ስለ 2024 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው አኃዝ ይህን ያሳያል። አንድ ሠራተኛ ለአሠሪው የሚያስወጣው የሰዓት ወጪ በኅብረቱ በአማካይ 33.5 ዩሮ ነበር። ሉክሰምበርግ 55.2፣ ዴንማርክ 50.1፣ ቤልጂየም 48.2 ሲደርሱ ቡልጋሪያ 10.6 ላይ ቀርታለች። ይህ ከግብርናና ከመንግሥት አስተዳደር በቀር ሁሉንም ዘርፍ ያካትታል። ኬሚካልና መድኃኒት አምራቾች በየአገራቸው በአብዛኛው ከፋብሪካዎች አማካይ በላይ ይከፍላሉ። ፕላስቲክ፣ ጎማና ሴራሚክ ዝቅ ይላሉ። የኬሚካል ማምረቻ ሌት ተቀን ስለሚሠራ የፈረቃና የሌሊት አበል አለው። ባለሙያም ይፈልጋል፤ እዚያ ስህተት ማለት ፍንዳታ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። የአሠሪው ወጪና ደመወዝ አንድ አይደሉም። በፈረንሳይ ከወጪው አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው አሠሪው የሚከፍለው መዋጮና የመሳሰለው ነው። በሩማንያ ይህ ድርሻ 5 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ምክንያቱም ሩማንያ በ2018 አብዛኛውን መዋጮ ወደ ሠራተኛው አዞረችው። በወረቀት ላይ ያልተጣራው ደመወዝ ተተኮሰ፣ ኪስ ውስጥ የገባው ግን እምብዛም አልተለወጠም። የ2017ን እና የ2018ን ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጦ «አቤት እድገት!» የሚል ሰው ተሸውዷል።

የኑሮ ዋጋም አለ። የኅብረቱ አማካይ 100 ቢባል በ2024 ዴንማርክ 143፣ ቡልጋሪያ 60 ነበሩ። አምስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው የሁለቱ የሰዓት ወጪ ልዩነት፣ በዚህ ሲመዘን ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ይወርዳል። ሁለት እጥፍም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ደመወዙን ማን ይወስናል? በጀርመን የሠራተኛ ማኅበሩ አይ ጂ ቤ ሴ ኤ ከአሠሪዎች ፌዴሬሽን ጋር ይደራደራል፤ ስምምነቱ ወደ 580,000 ሠራተኞችን ይመለከታል። በሰኔ 2024 ሁለት ጭማሪ አገኙ፦ ከመስከረም 2 በመቶ፣ ከሚያዝያ 2025 ደግሞ 4.85 በመቶ። የማኅበሩ አባላት በዓመት አንድ ተጨማሪ የዕረፍት ቀንም ተፈቀደላቸው። በቤልጂየም ደመወዝ ከዋጋ ንረት ጋር በራሱ ከፍ ይላል።

ታዲያ ፋብሪካው ሁሉ ለምን ወደ ዴቭኛ አይሄድም? በመሠረታዊ ኬሚካል ሥራ ከደመወዝ ይልቅ ጋዝና ጥሬ ዕቃ ይከብዳሉ። የጀርመኑ የኬሚካል ኩባንያ ባስፍ በ2023 በሉድቪግስሃፈን ከአሞኒያ ማምረቻዎቹ አንዱን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ ያማረረው የኃይል ዋጋ መናርንና የደንብ ብዛትን ነበር።