ጉልበት ሲያብጥ ህብለ ሰረሰር ምን አገባው?

ደሴ ክረምት ሲገባ "ቁርጥማቱ ተነሳብኝ" የማይል ትልቅ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ስለ ቁርጥማት ሰው ከሚለው ውስጥ ግን የሚጎዳ ስህተት ብዙ አለ፤ አራቱን እንያቸው።

"ህብለ ሰረሰር ህመሙን ለአንጎል ከማድረስ ያለፈ ሥራ የለውም።"

ዋናው ስህተት ይህ ነው። ከጉልበት የተነሳው የህመም ምልክት መጀመሪያ የሚደርሰው ህብለ ሰረሰር፣ ማለትም በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ ውስጥ ነው፤ እዚያ ወይ ይበርዳል ወይ ይጎላል። የህመም ነርቮች ደግሞ መልእክት ተቀባይ ብቻ አይደሉም። ጉልበቱ ላይ ባለው ጫፋቸው ሰብስታንስ ፒ እና ሲጂአርፒ የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ፤ የደም ሥሩ ይሰፋል፣ ፈሳሽ ይሰርጋል፣ ቦታው ቀልቶና ግሎ ያብጣል። ክንዳችሁን በጥፍር ጫር ብታደርጉት ከጭረቱ ዙሪያ የሚስፋፋው መቅላት የእነዚሁ ነርቮች ሥራ ነው። ለዚያ ህብለ ሰረሰር አያስፈልግም። መገጣጠሚያ ሲቆጣ ግን ህብለ ሰረሰሩ ራሱ በእነዚሁ ነርቮች በኩል ምልክት መልሶ እንደሚልክ በእንስሳት ላይ ታይቷል። አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መቆጣት) በያዛቸው አይጦች ህብለ ሰረሰር ውስጥ ፒ38 የተባለውን ፕሮቲን ሲያግዱት የእግራቸው እብጠት ቀንሷል። ሐኪሞችም በሰው ላይ ያስተዋሉት አለ፦ በስትሮክ ግማሽ ጎኑ ሽባ የሆነ ሰው በኋላ ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) ቢይዘው፣ ብዙ ጊዜ ሽባው ጎን ይተርፋል ወይም ይቀልለታል። ሥራ መፍታቱም ድርሻ ይኖረዋል፤ ነርቭ ግን የለበትም ማለት አይቻልም።

"ኤክስሬዩ ደህና ከሆነ ህመሙ የሐሳብ ነው።"

እናቶች ይህን ተብለው አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱ ማየት ያንገበግባል። የህመም ተመራማሪው ክሊፎርድ ዉልፍ በ1983 በአይጦች ላይ እንዳሳየው፣ ከጉዳት በኋላ ህብለ ሰረሰሩ ራሱ ስሜቱ ይሰላል። ያኔ የነጠላ ጫፍ ጉልበቱን ዳሰስ ቢያደርገው እንኳ ያማል። ኤክስሬይ አጥንት እንጂ ይህን አያሳይም። ህመሙ እውነት ነው።

"ያበጠ በቅቤ ጠንክሮ ካልታሸ አይድንም።"

ቀስ ብሎ መዳበስ ማስታገሱ እውነት ነው። የህመም ተመራማሪዎቹ ሜልዛክና ዎል በ1965 እንዳስረዱት የንክኪ ነርቮች ህብለ ሰረሰር ላይ የህመሙን መንገድ ያጠብባሉ። የተቆጣ መገጣጠሚያን በኃይል መጫን ግን የህመም ነርቮቹን ይበልጥ ይቀሰቅሳል። ወጌሻው የቱንም ያህል የታወቀ ቢሆን፣ የጋለና ያበጠ ጉልበት እንዲያሽላችሁ አትፍቀዱ።

"ብርድ ነው።"

ብርድ ህመሙን ሊያባብሰው ይችላል። ጣቶች ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ አልታጠፍ ካሉና ካበጡ ግን ሐኪም ይያቸው። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ትኩሳት ከጨመረ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ፤ ኢንፌክሽን ከሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ያበላሻል።