ሰምና ወርቅ ምንድን ነው? ያልተቀበረ ወርቅ ለሚቆፍሩ

ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ አንድ የዘፈን ተንታኝ አየሁ። ዘፈኑን ሦስት ሦስት ሰከንድ እያጫወተ ያቆመዋል። ከዚያ ፈገግ ይልና «ወርቁ ገባችሁ?» ይላል። ዘፈኑ የፍቅር ዘፈን ነው። ልጅቷ ሄዳለች፣ ልጁ ቀርቷል፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ይጠብቃታል። በቃ። ተንታኙ ግን ልጅቷን ኢትዮጵያ አደረጋት። በሩን ቀይ ባሕር አደረገው። የሠፈሩን ውሻ ማንን እንዳደረገው አልነግራችሁም፤ ያስከስሳል።

ዘፈኑን እንደዚያ መስማቱ መብቱ ነው፤ አልጣላውም። የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ «ሰምና ወርቅ» እያለ አንዲትም ሰምና ወርቅ አላሳየንም። ከሥሩ ደግሞ «ያልገባችሁ ቅኔ ተማሩ» የሚል ሰው አለ። እሺ፣ እንማር።

ቅኔ ቤት ደጃፍ ለረገጠ ሰው ሰምና ወርቅ «ድብቅ ትርጉም» ማለት አይደለም። ሊያውም ተቃራኒው ነው። በሰምና ወርቅ ሰሙም ይነገራል፣ ወርቁም ይነገራል። ሁለቱም በስማቸው ተጠርተው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንድ ግስ ለሁለቱም ያገለግላል። ይህችን የቆየች ስንኝ እዩዋት፦

እፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

አዳም ሰም ነው፣ ከንፈርሽ ወርቅ። መድኃኔ ዓለም ሰም ነው፣ ልቤ ወርቅ። ተደብቆ የቀረ ነገር የለም፤ ሁሉም አደባባይ ላይ ነው። ብልሃቱ ያለው «ተሰቀለ» ላይ ነው። መድኃኔ ዓለም መስቀል ላይ ተሰቀለ። የአፍቃሪው ልብ ደግሞ ተንጠለጠለ፣ አላርፍ አለ። አንዱ ግስ ሁለቱን ይዞ ያድራል።

አሁን የትኛው ሰም፣ የትኛው ወርቅ እንደሆነ ልብ በሉ። የአዳም ውድቀትና የጌታ ስቅለት እዚህ ሰም ናቸው። ወርቁ የአንዲት ሴት ከንፈርና የአንድ ጎረምሳ ልብ ነው። ተንታኛችን ይህን ቢያይ የሚደነግጥ ይመስለኛል። እሱ ዘንድ ወርቅ ማለት ትልቁ ጉዳይ ነው፤ አገር፣ መንግሥት፣ ታሪክ። ፍቅር ሁልጊዜ ሰም ነው፤ ተልጦ የሚጣል። በቅኔው ሕግ ግን ወርቅ ማለት ተናጋሪው ሊናገረው የተነሣበት ጉዳይ ነው። ሰም ማለት ያን የሚመስልበት ነገር ነው። ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለም።

ታዲያ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ሲመጣስ? ያ ኅብር ይባላል። ለማሳያ ያህል ራሴ አንዲት ቋጠርኩ፤ የግጥም ውድድር ላይ አታቅርቡብኝ፦

ባለቤቱ ሄዶ ቤቱ ተበተነ፣
ያን የመሰለ አልጋ የማንም ሰው ሆነ።

«አልጋ» መኝታም ነው፣ ዙፋንም ነው። አልጋ ወራሽ የምንለው ለዚህ ነው። የትዳር ግጥም መስሎ የመንግሥት ግጥም ይሆናል። ግን ልብ በሉ፤ በሩን የሚከፍትልን ቃሉ ነው። እኔ ፈልጌ ያመጣሁት ትርጉም አይደለም፣ መዝገበ ቃላት ውስጥ ያለ ነው። ውስጠ ወይራ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። ላዩ ተራ ወሬ ሆኖ ሌላው ትርጉም በስሙ ሳይጠራ ውስጥ ይቀመጣል፤ የወይራ ግንድ ቅርፊቱና እምብርቱ አንድ እንዳልሆነው። ተንታኙ የሚያወራው ነገር ስም ካስፈለገው የሚቀርበው ይኼ ነው። (የቅኔ መንገዶች ስንት ናቸው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ዋሸራ፣ ዋድላ፣ ጎንጅ የሚባሉት የቅኔ ቤቶች የየራሳቸው ወግ አላቸው። ቁጥሩም ከመምህር መምህር ይለያያል፤ አንዱን ብናገር ሌላው ይቆጣኛል።)

ቃሉ እንዲህ የላላው በእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» አለው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ የቅኔ መንገድነቱን ትቶ የአንድ ሕዝብ ጠባይ መጠሪያ ወደ መሆን ሄደ። አሁን ጎረቤትህ «ደኅና ነኝ» ቢልህም ሰምና ወርቅ ነው።

ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው፤ ስለዚህ ወደዚያ ልውሰዳችሁ። አንጥረኛው መስቀል ሊሠራ ሲነሣ መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ያሳየዋል። ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳው ይወጣል። በባዶው ቦታ የቀለጠው ወርቅ ይፈስሳል። በመጨረሻ ጭቃው ይሰበራል።

እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። ወርቁ የሚይዘው የሰሙን ቅርጽ ነው። ሰሙ አንድ ቦታ ላይ ሸንቆር ቢል ወርቁም እዚያው ላይ ሸንቆር ይላል። ስለዚህ «ወርቁ ይኼ ነው» የሚል ሰው አንድ ግዴታ አለበት፦ ሰሙ በተናገረው ሁሉ ወርቁም መናገር አለበት። ልጅቷ ኢትዮጵያ ከሆነች፣ ግጥሙ ደግሞ «ሄደች» ካለ፣ ኢትዮጵያ ወዴት ሄደች? ቀርቶ የሚጠብቃት ልጅ የት ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቃት? ተንታኙ እዚህ ጋ ሲደርስ ዘፈኑን ወደፊት አሳለፈው። አይቼዋለሁ፤ ሁለት ስንኝ ዘለለ።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው። በቅኔ ቀራጩም አፍሳሹም አንድ ሰው ነው፣ ባለቅኔው። በዘፈን ግን ብዙ ጊዜ ገጣሚው ባዶውን ቅርጽ ትቶልን ይሄዳል። የምናፈስሰው እኛ ነን። አንጥረኛው ማንነታችን ነው፦ ወንድ ነን ሴት፣ እዚህ ነን ውጭ አገር፣ የማን ልጅ ነን። ወናፉ ምኞታችን ነው፤ እሱ ካልነፋ ምንም አይቀልጥም። ማዕድኑ ትዝታችን ነው፤ ወርቅ ያለው ወርቅ፣ መዳብ ያለው መዳብ ያፈስሳል። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ማፍሰስ እንደጀመረ ይገባኛል። አንጥረኛው ሁለት ሰው ሆነብኝ፣ የእኔታ ቢሰሙኝ ደግሞ ወናፍን ለምን አመጣህ ይሉኛል። ግን ነገሩ ይኸው ነው። ያፈሰስከው ያንተ ከሆነ ያንተ ነው በል። «ዘፋኙ እንዲህ ማለቱ ነው» አትበል።

ስለ ዘፋኙ ካነሣን አይቀር፣ አንድ ሁልጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። የእኛ አገር ዘፈን የብዙ እጅ ሥራ ነው። የካሴት ልባስ ያነበበ ሰው ያውቀዋል፤ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ይላል። እንደ ይልማ ገብረአብ፣ እንደ ዓለምፀሐይ ወዳጆ ያሉ ገጣሚዎች ግጥም የሰጡት ለብዙ ድምፃውያን ነው። ስለዚህ «ይቺን ስንኝ ያላት ከሚስቱ ሲለያይ ነው» ከማለታችሁ በፊት ልባሱን ገልብጡ። የተለያየው ሌላ፣ የጻፈው ሌላ፣ ያለቀሰው ሌላ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ብዙው ስንኝ ከሕዝብ የመጣ ነው። ከአዝማሪ ወደ አዝማሪ፣ ከሠርግ ወደ ቴፕ ሲዞር የኖረ ነው። ባለቤት የሌለውን ስንኝ የአንድ ሰው ሕይወት ታሪክ ማድረግ ምን ይባላል?

ይህ የመቆፈር ልማድ ዝም ብሎ አልመጣም፤ ይኼንንም ለፍትሕ ያህል ልናገር። በደርግ ዘመን ግጥም ከመቀረጹ በፊት ሳንሱር ያየው ነበር። ሰው በግልጽ መናገር ሲከለከል ጆሮው ይሰላል። ሳንሱር አድራጊውም ያው ያዳምጣል፤ እሱም ቆፋሪ ነበር። አንዳንዴ ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ አንዳንዴ ደግሞ ገጣሚው በሕልሙም ያላየውን ያገኙ ነበር። በዚያ ጊዜ ጆሮ ማሾል ነፍስ ማቆያ ነበር። አሁን ግን ያው ጆሮ የመኪና ማስታወቂያ ሲሰማም ይቆፍራል።

«አንቺ» ለምን ሁልጊዜ አገር እንደምትሆንም ምክንያት አለው፤ ሰዋስው ነው። አንቱ ካላልን በቀር አማርኛ ለፊት ለፊት ሰው ጾታ ግድ ይላል፤ ወይ አንተ፣ ወይ አንቺ። ኢትዮጵያ ደግሞ እናት ናት፣ አንቺ ትባላለች። ስለዚህ ወንድ ስለ ሴት የዘፈነው ሁሉ ያለ አንዳች ችግር አገር ላይ ይገጥማል። ሴት ስትዘፍንና «አንተ» ስትልስ? ያኔ ተንታኞቻችን ዝም ይላሉ። አገር አትሆንላቸውም። ቢበዛ እግዜር ይሆናል። ሴቶቹ ዘፋኞች ወርቅ የላቸውም ማለት ነው? መልስ ካላችሁ ጻፉልኝ።

አሁን ወደ እውነተኛው ነገር ልምጣ። ሁላችንም የምናውቃትን የትዝታ ስንኝ ውሰዱ፦

ትዝታዬ አንቺ ነሽ ትዝታም የለብኝ፣
እመጣለሁ እያልሽ እየቀረሽብኝ።

ወንዱ «አንቺ ነሽ» ይላል፣ ሴቷ «አንተ ነህ» ትላለች፤ ስንኙ ግን ያው ነው። ትዝታ የስሜቱም ስም ነው፣ የቅኝቱም ስም ነው፤ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ አንዱ። (ቅኝትና ስሜት ግን አንድ አይደሉም። በትዝታ ቅኝት የሚያስጨፍር ዘፈንም ይሠራል።) ሰምና ወርቅ የላትም። ኅብርም የላትም። ሁሉም በግልጽ ተነግሯል። ግን ትዝታዬ አንቺ ነሽ ብሎ ወዲያው ትዝታም የለብኝ ማለት ምን ማለት ነው? እኔ የምሰማው እንዲህ ነው፦ ከአንቺ ሌላ የማስታውሰው የለኝም፣ አንቺን ደግሞ እንዳላስታውስ ገና ትመጫለሽ። የመጣና የሄደ ሰው ይታወሳል። «እመጣለሁ» እያለ የቀረ ሰው ግን ትዝታም አይሆን፣ ተስፋም አይሆን። ያለፈው ነገር ገና ከፊት ይጠብቃል። ይህን በሁለት ስንኝ ከሰው ልጅ ማን ይላል? እዚህ ላይ መቆፈሪያ ይዞ መምጣት ስድብ ነው።

ታዲያ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው ወይ? አይደለም። የአክስቴ ልጅ ቤይሩት ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። እዚያ ሳለች ይህን ዘፈን መስማት አትችልም ነበር። የወንድ ጓደኛ ጉዳይ መስሎኝ አንድ ቀን ቀልጄ ጠየቅኳት። ሳቀች። «ኧረ ምን ጓደኛ» አለችኝ። ዘፋኙ ወንድ ነው፣ ለፍቅረኛው ነው የሚዘፍነው፣ ይኼ አልጠፋትም። እሷ የምትሰማው ግን የእናቷን ድምፅ ነው። እሷ በየፋሲካው ለእናቷ በስልክ «ለመጪው እመጣለሁ» ትላለች፤ ሳትመጣ ትቀራለች። በዘፈኑ ውስጥ የምትናፍቀው እሷ አይደለችም። የቀረችው እሷ ናት። «እየቀረሽብኝ ሲል አሮጊቷ ናት የምትለኝ» አለች።

ያቺ «አንቺ» ዛሬም ያው «አንቺ» ናት። ሰሟ አልቀለጠም፣ ቃሏም ሌላ ትርጉም አላወጣም። የተለወጠው የአድማጯ ወንበር ነው፤ ከሚጠብቀው ወገን ተነሥታ ወደሚጠበቀው ወገን ሄዳ ተቀመጠች። ይህንን ደግሞ የእኔ ነው አለች እንጂ ገጣሚው እንዲህ ማለቱ ነው አላለችም። ተመልሳ ከመጣች አራት ዓመት ሆናት። ዘፈኑ ሲከፈት አሁንም «ኧረ ቀይሩት» ትላለች። እናቷ ግን «ተይው፣ ይጨርስ» ይላሉ፣ ቡናቸውን እያማሰሉ።