ኢቭ ኦንላይን ላይ «ሱሳይድ ጋንክ» ምንድን ነው?

ኢቭ ኦንላይን የአይስላንዱ ሲሲፒ ጌምስ በፈረንጆቹ 2003 ያወጣው የጠፈር ጌም ነው። እዚህ ጌም ላይ የፈነዳ መርከብ አይመለስም፤ የጫነው ዕቃም አብሮት ይሄዳል። ጀማሪን ከምንም በላይ አስደንግጦ ጌሙን የሚያስተወው ደግሞ ሱሳይድ ጋንክ ነው። አጥቂው የራሱን መርከብ እንደሚያጣ እያወቀ፣ ፖሊስ እስኪደርስ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች የእናንተን መርከብ አፈንድቶ ጭነቱን ይዘርፋል።

ይህ የሚሆነው ደኅና ነው በሚባለው ቀጠና መሆኑ ነው ሰውን የሚያበሳጨው። የደኅንነት ደረጃቸው ከ0.5 እስከ 1.0 የሆኑ የኮከብ ሥርዓቶች ሃይሴክ ይባላሉ። እዚያ ያለ ምክንያት የተኮሰን ሁሉ ኮንኮርድ የሚባለው ፖሊስ መጥቶ ያወድመዋል። ኮንኮርድ ግን ይቀጣል እንጂ አይከላከልም። የሚንቀሳቀሰው ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ ነው፤ ለመድረስም በ1.0 ሥርዓት ስድስት ሰከንድ ገደማ፣ በ0.5 ደግሞ ወደ 20 ሰከንድ ይወስድበታል። ዘራፊዎች 0.5ን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ትልልቅ የገበያ ማዕከል ከሆኑት ከጂታ ወደ ዶዲክሲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ኡዌዳማ በዚህ ስሙ የታወቀ ነው።

ነገሩ ጥላቻ ሳይሆን ሒሳብ ነው። ካታሊስት የምትባል በደንብ የታጠቀች አንዲት ትንሽ የጦር መርከብ በሰከንድ 600 ገደማ ጉዳት ታደርሳለች፤ በ15 ሰከንድ 9,000 ማለት ነው። ብዙ ዕቃ እንዲይዝ ብቻ ተብሎ የተገጠመ የጀማሪ ጭነት መርከብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ካታሊስት በላይ አይፈልግም። መርከብ ሲፈነዳ እያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት የመትረፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። እንግዲህ 300 ሚሊዮን ኢስክ (የጌሙ ገንዘብ) የሚያወጣ ዕቃ ጭናችኋል እንበል፤ ዘራፊው በአማካይ 150 ሚሊዮን ያገኛል። ሁለቱ ካታሊስቶች በድምሩ 30 ሚሊዮን ቢያስወጡት እንኳ ትርፉ 120 ሚሊዮን ነው። የእናንተ ሥራ ይህን ሒሳብ ማበላሸት ነው።

ጥቃቱ የሚጀምረው ከተኩሱ በፊት ነው። ጂታ ጣቢያ ደጃፍ ወይም ጌት (ከሥርዓት ወደ ሥርዓት መሻገሪያ በር) አጠገብ የቆመ አንድ መርከብ ዒላማ ያደርጋችሁና በካርጎ ስካነር ጭነታችሁን ዝርዝሩን ሳይቀር ያነባል። ያኔ የዚያ መርከብ ምልክት ስክሪናችሁ ላይ በቢጫ ይከበባል። ያንን ካያችሁና ውድ ነገር ከያዛችሁ ጉዞውን አትቀጥሉ፤ ቅርብ ያለ ጣቢያ ገብታችሁ ጭነቱን ከፋፍሉት።

ትልቁ ስሕተት አውቶፓይለት ነው። አውቶፓይለት ጌቱ ድረስ አያደርሳችሁም፤ ብዙ ኪሎ ሜትር ሲቀር ያወርዳችሁና መርከቡ ቀሪውን መንገድ እያዘገመ ይሄዳል። የሚጠብቃችሁ ሰው ከዚህ የተሻለ ዕድል አያገኝም። በእጃችሁ ንዱ፤ ቀጣዩን ጌት መርጣችሁ «ጃምፕ»ን ብትጫኑ መርከቡ ጌቱ ሥር ወርዶ ወዲያው ይሻገራል። ከተሻገራችሁ በኋላ ካልተንቀሳቀሳችሁ ለአንድ ደቂቃ ማንም አያያችሁም፤ በዚያች ደቂቃ ዙሪያውን ተመልከቱ። ከመነሳታችሁ በፊትም ካርታውን ክፈቱና ባለፈው አንድ ሰዓት ብዙ መርከብ የፈነዳባቸውን ሥርዓቶች እዩ።

ዕቃ አገጣጠም ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ነው፤ ሎው ስሎት የሚባለውን የዕቃ መግጠሚያ ቦታ በሙሉ በካርጎ ኤክስፓንደር (የጭነት ቦታ ማስፊያ) ይሞላዋል። ኤክስፓንደር ቦታ ሲጨምር የመርከቡን አካል ያሳሳል። ጭነቱ ትንሽ ግን ውድ ሲሆን ኤክስፓንደሩን አውጥታችሁ መርከቡን የሚያጠነክሩትን ዳሜጅ ኮንትሮልና በልክሄድ ግጠሙ። የአጥቂው ወጪ የሚያድገው በዚህ ነው፤ በሁለት መርከብ ያልቅ የነበረው አራት አምስት ሊፈልግ ይችላል።

ኢንሹራንስ የሚከፍለው ለመርከቡ ብቻ ነው፤ ለጭነቱም ለተገጠመውም ዕቃ አይከፍልም። መርከቡ ከፈነዳ በካፕሱላችሁ (በትንሿ ማምለጫ) ውስጥ ናችሁና አትደንግጡ፤ በዚያው ቅጽበት ወደ ጣቢያ ወይም ወደ ፕላኔት ዋርፕ አድርጉ (በፈጣን ጉዞ ሽሹ)። ስብርባሪውን ሊያነሳ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ያልተኮሰ ሌላ መርከብ ነው። እሱ ዕቃውን ሲነካ ተጠርጣሪ ይሆናል፤ ያኔ ማንም ሰው ኮንኮርድን ሳይፈራ ሊተኩስበት ይችላል። የታጠቀ ጓደኛ ጌቱ ላይ ካላችሁ የተረፈውን ዕቃ ማስመለስ የምትችሉት እዚያች ላይ ነው።