ፓይለት ለመሆን፦ የሚወራውና እውነታው

ቨርጂኒያ ውስጥ በረራ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ስልኬን የሚያስጮሁት በአብዛኛው የሐበሻ ወላጆች ናቸው። ልጃቸው ፓይለት መሆን ይፈልጋል፤ እነሱን ደግሞ ከሰው የሰሙት ወሬ አስፈርቷቸዋል። ደጋግሜ የምሰማውን እነሆ፣ በአሜሪካው አሠራር።

«መቶ ሺህ ዶላር ከሌለህ አትጀምረው»

ከዜሮ ተነስቶ አስተማሪ እስከ መሆን ያለው ወጪ ወደ መቶ ሺህ ዶላር መጠጋቱ እውነት ነው። በአንዴ መከፈል አለበት የሚለው ግን ስህተት ነው። ትናንሽ ኤርፖርቶች ላይ ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች በበረራችሁት ሰዓት ልክ ያስከፍላሉ። አንድ ተማሪዬ ዕቁቡ እስኪደርሰው ጠበቀ፤ ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን እየበረረ የመጀመሪያውን ፈቃድ ጨረሰ። ለሁለተኛው ደግሞ ሌላ ዕቁብ ገባ። ያዋጣው አለማቋረጡ ነው። በወር አንዴ የሚበርር ሰው ያለፈውን ለማስታወስ ብቻ ይከፍላል።

ለመጀመሪያው፣ ማለትም ለግል አብራሪ ፈቃድ፣ ሕጉ ቢያንስ 40 ሰዓት ይላል። አብዛኛው ሰው ግን ከ60 በላይ ይፈጅበታል። ለምን? በምንማርበት ትንሽ አውሮፕላን፣ ሴስና 172 ውስጥ፣ ትንሽ ቆጣሪ አለች። ሞተሩ ከተነሳ ጀምሮ በየ6 ደቂቃው አንድ ቁጥር ትጨምራለች። ተማሪው መሬት ላይ ቆሞ የሬዲዮ ቁጥር ሲፈልግም እንደ ታክሲ ሜትር ትቆጥርበታለች። ስለዚህ የኮክፒቱን ፎቶ አሳትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ፊት ለፊቱ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ፣ እጃችሁ እያንዳንዱን ማብሪያ በደመ ነፍስ እስኪያገኝ ተለማመዱ። ሳንቲም አይጠይቅም።

«ቀድሞ የከፈለ ቅናሽ ያገኛል»

ቅናሹ አለ። እኔም አምኜ 9 ሺህ ዶላር በአንዴ ከፍዬ ነበር። በአራተኛው ወር ስሄድ በሩ ተቆልፏል፣ አውሮፕላኖቹ የሉም። ገንዘቤ አልተመለሰም። ዛሬም ያንገበግበኛል። ከሁለትና ሦስት በረራ በላይ ቅድሚያ አትክፈሉ፤ ያልበረራችሁበት ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስ በጽሑፍ ያዙ።

ብድርም እንዲሁ ነው። የመንግሥት የተማሪ እርዳታ የሚገኘው በአብዛኛው በረራው እውቅና ባለው ኮሌጅ የዲግሪ ትምህርት ውስጥ ሲሆን ነው። ከዚያ ውጭ ያለው የግል ብድር ነው፤ ወለዱ ይከብዳል፣ ብዙ ጊዜም ኮሳይነር (አብሮ የሚፈርም ዋስ) ይጠይቃል። ልጁ መሃል ላይ ቢያቆም ዕዳው የፈረመችለት አክስቱም ላይ ይቀራል። ይህን ሳትነግሯት አታስፈርሟት።

«መነጽር ያደረገ አይሆንም»

ይሆናል። በመነጽር ወይም በኮንታክት ሌንስ 20/20 ማየት ከቻለ ይበቃል። ብቻ አንድ ዶላር ከመክፈላችሁ በፊት የኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ፈቃድ ያለው ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ አንደኛ ደረጃውን የጤና ምርመራ ጨርሱ። ሊያግድ የሚችል ነገር ካለ ቀድሞ መታወቅ አለበት።

«ላይሰንስ ካለ ኤርላይን ይቀጥራል»

ወላጆችን በጣም የሚያስደነግጠው ይሄ ነው። የንግድ በረራ ፈቃድ፣ ማለትም እየተከፈሉ ለመብረር የሚያስችለው፣ በተለመደው መንገድ በ250 ሰዓት ይገኛል። ኤርላይን ለመግባት ግን በመደበኛው 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ቡፋሎ አጠገብ አንድ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ከሞተ በኋላ ኮንግረስ ሕጉን አጠበቀ፤ በ2013 ሥራ ላይ ዋለ። እውቅና ካለው ዩኒቨርሲቲ የአቪዬሽን ዲግሪ ያለው በ1,000 ሰዓት መግባት ይችላል። መሃል ያለውን ሰዓት አብዛኛው ሰው የሚሞላው አስተማሪ ሆኖ፣ እየተከፈለው ነው። ክፍያው ብዙ አይደለም፤ ግን ከዚያ በኋላ የሚቆጠረው ሰዓት ከኪሳችሁ አይወጣም።

«የሒሳብ ሊቅ መሆን አለበት» ለሚሉ ደግሞ፦ መደመር፣ መቀነስ፣ ማካፈል ይበቃል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2010 የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው አምሳለ ጓሉ በዩኒቨርሲቲ የተማረችው አርክቴክቸር ነበር።

«ዕድሜዬ አልፏል»

ይህን የሚለኝ ብዙ ጊዜ አባትየው ነው፤ ስለ ልጁ ጠይቆ ሲጨርስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በኤርላይን አብራሪነት ሕጉ የሚያቆመው በ65 ዓመት ነው። በ38 ጀምሮ በ43 ኤርላይን የገባ ሰው ከፊቱ 22 ዓመት አለው።