የስፐርም ዶነር ካሪየር ስክሪኒንግ ምንድን ነው?

ስፐርም ባንክ ውስጥ የአንድ ዶነር (ስፐርም ሰጪ) ፋይል ላይ "ተመርምሯል" ይላል። እሺ፣ ግን ለምኑ? ሁለት ለየቅል የሆኑ ምርመራዎች ናቸው ያሉት።

አንዱ የተላላፊ በሽታ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይሄን ኤፍዲኤ (የምግብና መድሃኒት ተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት) በህግ ያስገድዳል፣ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ቂጥኝ፣ ጨብጥ፣ ክላሚዲያ፣ ሌሎችም አሉ፣ ዶነሩ ማንነቱ ማይታወቅ ከሆነ ደሞ ስፐርሙ ፍሪዝ ተደርጎ ቢያንስ 6 ወር ይቀመጥና ሰውየው ድጋሚ ተመርምሮ ነው ሚለቀቀው፣ ምክንያቱም በቅርብ የተያዘ ሰው መጀመሪያ ላይ ኔጌቲቭ ሊወጣ ይችላል።

ካሪየር ስክሪኒንግ ሌላኛው ነው፣ የዘር ምርመራው። ይሄን ኤፍዲኤ አያስገድድም፣ ባንኮቹ በሙያ ማህበራት ምክርና በራሳቸው ፖሊሲ ነው ሚሰሩት፣ ስለዚህ አንዱ ጋ ጥቂት በሽታ ሌላው ጋ በመቶ ሚቆጠር ሊታይ ይችላል። አብዛኛውን ጂን ካባት አንድ ከናት አንድ፣ ሁለት ኮፒ ነው ምንይዘው፣ አንዷ ተበላሽታ ሌላዋ ደህና ከሆነች ሰውየው ካሪየር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳይታመም ሳያውቀው ይኖራል። ጣጣው ሚመጣው ሴትየዋም የዛው ጂን ካሪየር ከሆነች ነው፣ ያኔ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ በሽታውን የመውረስ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ሲክል ሴል ሚባለው የደም በሽታና ሳንባን ሚጎዳው ሲስቲክ ፋይብሮሲስ እንደዚህ ነው ሚተላለፉት።

ስለዚህ ካሪየር የሆነ ዶነር የግድ አይጣልም፣ ሰፋ ባለ ምርመራ ብንታይ አብዛኞቻችን የሆነ ነገር ካሪየር ነን። ዋናው የሱን ውጤት ካንቺ ውጤት ጎን አስቀምጦ ማየት ነው፣ እባካችሁ የዶነሩን ወረቀት ብቻ አንብባችሁ ራሳችሁ ሳትመረመሩ ወደ ህክምናው አትግቡ። ምርመራው መቼ እንደተሰራና የትኞቹን ጂኖች እንዳየም ጠይቁ፣ ኔጌቲቭ ሚለው ለታዩት ብቻ ነው።

ካንድ ወላጅ ብቻ መጥተው ሚያሳምሙ የዘር በሽታዎችም አሉ፣ እነሱን ካሪየር ስክሪኒንግ አይደርስባቸውም። አሜሪካ ውስጥ በ1990 እና 91 የለገሰ የ23 ዓመት ጤነኛ ወጣት ነበር፣ የተላላፊ ምርመራው ሁሉ ኔጌቲቭ፣ የልብ ጡንቻ ሚያወፍር የዘር በሽታ እንዳለበት የታወቀው ግን ከልጆቹ አንዱ ሲታመም ነው። በ2009 በወጣው ሪፖርት ከታወቁት 24 ልጆቹ 9ኙ ወርሰውታል፣ አንዱ በ2 ዓመቱ ሞቷል። የአንድ የዴንማርክ ስፐርም ባንክ ጉዳይ ይብሳል፣ ቲፒ53 በሚባለው ጂን ላይ ያለው ለካንሰር ሚያጋልጥ ችግር ከዶነሩ ስፐርም ከፊሉ ውስጥ ብቻ ስለነበር እሱ ራሱ ጤነኛ ነው፣ በተለመደው ምርመራም አይያዝም። በ2025 መጨረሻ ሲጣራ በሱ ስፐርም የተወለዱት በ14 አገር ቢያንስ 197 ልጆች ሆነው ተገኙ፣ ሁሉም ባይወርሱትም የታመሙም የሞቱም አሉ።

ለዚህ ነው ካንድ ዶነር ስንት ቤተሰብ ይወልዳል ሚለው ጥያቄ ከምርመራው እኩል ሚያስፈልገው። ልጃችሁ የዘር በሽታ ከተገኘበት ደሞ ለባንኩ ቶሎ አሳውቁ፣ የቀረው ስፐርም ሚታገደውና ሌሎቹ እናቶች ልጆቻቸውን ሚያስመረምሩት ያ መረጃ ሲደርስ ነው።