ባለ ሦስት አውታር የምድር ሞዴል ምንድን ነው? ካርታው ላይ ያለችው የመንቀጥቀጥ ነጥብስ ለምን ፈቀቅ ትላለች?

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ምድር አልረጋ ባለበት ሰሞን፣ እዚህ ድሬም ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ ነጥብ ሲቆጥር ነበር። አንዱ መተግበሪያ መንቀጥቀጡን አንድ ቦታ ያደርገዋል። ሌላው ያንኑ መንቀጥቀጥ ጥቂት ኪሎ ሜትር አሻግሮ ያስቀምጠዋል። ታዲያ ማን ዋሸ? ማንም። ያቺን ነጥብ በዓይኑ ያያት ሰው የለም፤ የሂሳብ ውጤት ናት።

ምድር ስትናወጥ ሁለት ዋና ዋና ሞገዶች በውስጧ ይጓዛሉ። ፒ የሚባለው ፈጣኑ ነው፤ በምድር ቅርፊት ውስጥ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ኤስ በ3.5 ገደማ ከኋላው ይከተላል። ጣቢያዎች ሞገዱ የደረሰበትን ሰዓት ይመዘግባሉ፤ ከሰዓቱ ርቀት ይወጣል። የብዙ ጣቢያዎች ርቀት ሲገጣጠም ነጥቧ ትገኛለች።

ጣጣው ያለው ፍጥነቱ ላይ ነው። ከድሬ የወጣ ሚኒባስ የት እንደደረሰ በሰዓት ብቻ ገምቱ ብትባሉ፣ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ደንገጎን እየወጣ ነው ወይስ ሜዳ ላይ ነው?» ብላችሁ ነው። ሞዴል የምንለው ሞገድ በምድር ውስጥ የት ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚገምተውን ስሌት ነው፤ የተለመደው ሞዴል ግን ይህን አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውና ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት ኤኬ135፣ ፍጥነት የሚለወጠው በጥልቀት ብቻ ነው ይላል። ጥልቀቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ጅቡቲ ሥርም ሞስኮ ሥርም አንድ ነው ማለት ነው። ባለ ሦስት አውታሩ፣ ማለትም ስሪ ዲው፣ ወደ ጎንም ያያል፤ ለእያንዳንዱ የምድር ክፍል የራሱን ፍጥነት ይሰጠዋል።

ድሬዳዋ ደግሞ ልዩነቱ በሚጎላበት ቦታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ወደ ደቡብ ሽቅብ የሐረርጌ ደጋ አለ፤ ቅርፊቱ ወፍራም ነው። ወደ ሰሜን አፋር ነው፤ ቅርፊቱ ሳስቷል፣ ከሥሩ ያለው ማንትል የሚባለው የአለት ንብርብርም ግሏል። የጋለ አለት ሞገድ ያዘገያል። ከቅርፊቱ ሥር ማንትሉን ታክኮ የሚሄደው ፒ ሞገድ በሌላው ዓለም በአብዛኛው በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። አፋር ሥር ወደ 7.5 ይወርዳል።

ትንሽ ልዩነት ትመስላለች አይደል? በ300 ኪሎ ሜትር አስሏት። ሞገዱ በ37.5 ሰከንድ ይደርሳል ሲባል 40 ይፈጅበታል። ኮምፒውተሩ የዘገየውን 2.5 ሰከንድ እንደ ርቀት ይቆጥረዋል፤ 20 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ቆላ ላይ የተነሳ መንቀጥቀጥ ካርታው ላይ ደጋ ሊወጣ ይችላል። ጣቢያዎች ዙሪያውን ከበው ቢሆን ስህተቱ በከፊል ይካካሳል። በአንድ ወገን ብቻ ሲሆኑ ግን ነጥቧ ተገፍታ ትቀራለች።

ሞዴሉ የሚሠራው ከራሱ ከመንቀጥቀጡ መሆኑ ነው የሚገርመው። ሞገዶች የት እንደዘገዩ፣ የት እንደፈጠኑ ተሰብስቦ የምድር ውስጥ ምስል ይወጣል። ግን የመነሻ ቦታው ካልታወቀ ፍጥነቱ እንዴት ይታወቃል? ስለዚህ ሁለቱ አንድ ላይ፣ በተደጋጋሚ እየታረሙ ይሰላሉ። ቦታውና ሰዓቱ የተመዘገበ ፍንዳታ ሲገኝማ ወርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢግል በተባለው ጥናት ስምጥ ሸለቆው ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ፈንጂ የፈነዳው ለዚህ ዓይነት ሥራ ነበር።

ለዚህ ምርምር ገንዘብ እንዲፈስ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የኒውክሌር ሙከራ ነው፤ ከመሬት በታች የሚፈነዳ ቦምብም እንደ መንቀጥቀጥ ሞገድ ስለሚልክ ቦታው በዚሁ ስሌት ይፈለጋል። ሙከራን የሚከለክለው የ1996ቱ ዓለም አቀፍ ስምምነት የመስክ ፍተሻ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሸፍን ይገድባል። ነጥቧ ከዚያ ውጪ ከወደቀች ፍተሻው ከንቱ ነው። እንደ አሜሪካው ሎውረንስ ሊቨርሞር ያሉ ላቦራቶሪዎች መላውን ዓለም የሚሸፍን ባለ ሦስት አውታር ሞዴል የሠሩት በዚህ ግፊት ጭምር ነው።

ያም ሆኖ ሞዴሉ የሚያውቀው ሞገድ ያለፈበትን አለት ብቻ ነው። ጣቢያ በሌለበት ምስሉ ይደበዝዛል። መንቀጥቀጡ መቼ እንደሚመጣም አይነግርም። በተለይ ጥልቀት አስቸጋሪ ነው፤ ቅርብ ጣቢያ ከሌለ ቁጥሩ አይጨበጥም። መተግበሪያው ላይ «ጥልቀት 10 ኪሎ ሜትር» የሚል ድፍን ቁጥር ደጋግማችሁ ካያችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ተለክቶ የተገኘ አይደለም፤ መለካት ሲያቅት የሚሞላ ቁጥር ነው።